የምላስ ዳኝነት፦ ከግብር አዳራሽ እስከ መካኒሳ

በአዲስ አበባ አረቄ የሚቀዳባት ትንሽ ብርጭቆ መለኪያ ትባላለች። ጠላ በጣሳ፣ ጠጅ በብርሌ ሲቀርብ ዕቃው በራሱ ስም ይጠራል፤ የአረቄዋ ብርጭቆ ግን ስሟን ያገኘችው ከሥራዋ ነው። ይህ ስም አንድ የቆየ ጥያቄ ያስነሣል። በመለኪያ የሚለካው የመጠጡ መጠን ብቻ ነው ወይስ ጥራቱም ጭምር? ጥራቱም የሚለካ ከሆነ ዳኛው ማን ነው? የሚፈርደውስ በምን ሕግ ነው? ፍርዱ የሰፈረውስ በየትኛው መዝገብ ነው?

ጥያቄዎቹ የመጠጥ ጉዳይ ብቻ አይደሉም። አንድ ኅብረተሰብ የእጅ ሥራን የሚመዝንበት መንገድ ለሠሪው የሰጠውን ቦታ ይገልጣል። የጣዕም ዳኝነት ታሪክም በዚህ ዐይን ሲታይ የሥራና የሥልጣን ታሪክ ሆኖ ይገኛል።

በኢትዮጵያ ነገሥታትና መኳንንት ቤት ቀማሽነት የታወቀ ሥራ ነበረ። ጠጅ አሳላፊው መጠጡን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገሪቱን የጎበኙ አውሮፓውያን ተጓዦች ይህን ልማድ ደጋግመው ጽፈውታል። ይሁን እንጂ የአሳላፊው ምላስ የጣዕም ዳኛ አልነበረም። ከእርሱ የሚጠበቀው መልስ አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም መጠጡ መርዝ አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ነው። ቀምሶ በእግሩ መቆሙ ራሱ ምስክርነት ነበረ። ጌታው ስለ ጠጁ ብስለት አሳላፊውን አልጠየቀውም፤ የጠየቀው ስለ ራሱ ነፍስ ነበር።

በግብር አዳራሹም ነገሩ ከዚህ የራቀ አልነበረም። ገባሩ ማሩን በጉንዶ እየሰፈረ ያስገባል፤ በጠጅ ቤት ያሉ ሴቶች ይበርዙታል፣ ጌሾውን ይጨምራሉ፣ ጋኑን ይጠብቃሉ፤ በመጨረሻም ጠጁ በአዳራሹ እንደየማዕረጉ ይታደላል። በላይኛው ወንበር ለተቀመጠው ማሩ ያልተቆጠበበት የበሰለ ጠጅ ይቀርባል። ማዕረጉ ዝቅ ባለ ቁጥር ጠጁም ይቀጥናል። በመጨረሻ ለሚገባው ወታደር የሚደርሰው ውኃው የበዛበት ነው። እንግዲህ በዚያ አዳራሽ ደረጃ ይወጣለት የነበረው ጠጁ ሳይሆን ጠጪው ነበረ። ማሩን ያስገባው ገባርና ጠጁን የጣለችው ሴት ግን በዚህ ደረጃ ውስጥ ከቶ አልነበሩም።

ሌላው ቀማሽ በሰፊው ሕዝብ ቤት ይገኝ ነበር። ጠላ የጠመቀች ሴት ለእንግዳዋ ከመቅዳቷ በፊት እንደ አሳላፊው ሁሉ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። የእጁ እንቅስቃሴ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን ፈጽሞ የተለየ ነው። አሳላፊው የሚቀምሰው ሌላው የሠራውን ስለ ተጠራጠረ ነው፤ እርሷ የምትቀምሰው የራሷን ሥራ ነው። ቀምሳ ስታቀርብ ለሥራዋ ዋስ መሆኗ ነው። ይህች ሴት ከአሳላፊው የሚበልጥ ዕውቀት ነበራት፤ ምክንያቱም ጉድለቱን ብታገኝ ከየት እንደ መጣ ታውቃለች። ጋኑ በግራዋ በደንብ ካልታጠበና በወይራ ካልታጠነ፣ ብቅሉ ከሻገተ፣ እንኩሮው ካረረ፣ ጌሾው ከበዛ፣ ምላሷ ወዲያው ይነግራታል።

አረቄ ደግሞ ከጠላ አንድ እርምጃ ወደ ፊት የሄደ ሥራ ነው። ቃሉ የመጣው ከዐረብኛ ሲሆን መነሻው ላብ ማለት ነው፤ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ሲል ላብ ይመስላልና። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ገብስ ወይም ሌላ እህል ርሶ እንዲያጎነቁል ይደረግና ደርቆ ብቅል ይሆናል። በማጎንቆሉ ጊዜ በእህሉ ውስጥ የሚፈጠሩት ኃይሎች ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጡታል፤ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ጌሾ፣ ብቅልና ከዳጉሳ ወይም ከሌላ እህል የተዘጋጀ እንኩሮ ተደባልቀው ጥቂት ቀናት ከቆዩ በኋላ ድፍድፉ በሸክላ ማሰሮ ተጥዶ ይፈላል። አፉ ዙሪያውን በሚገባ ይመረጋል። እንፋሎቱ በሸምበቆ በኩል ተሻግሮ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ሌላ ዕቃ ይጠራቀማል። በዚህ መንገድ አንድ ጊዜ የወጣው ተራ አረቄ ይባላል። እርሱ እንደገና ተጥዶ ሲወጣ ዳግም ይሆናል። በዳግም አረቄ ላይ የተደረጉ ምርመራዎች የአልኮሉ መጠን ከመቶ 45 አካባቢ መሆኑን አሳይተዋል።

ስለ ስኮትላንድ ውስኪ የሚያውቅ ሰው ይህን አሠራር ሲሰማ የሚያውቀውን ሥራ ያስታውሳል። ሲንግል ሞልት የሚባለው ውስኪ ከገብስ ብቅል ብቻ በአንድ ማውጫ ቤት የሚዘጋጅ፣ በድስት እየተጣደ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጊዜ የሚወጣ መጠጥ ነው። አንዳንዱ ብቅሉን ከረግረግ በሚቆፈር አፈር መሰል ማገዶ ጢስ ያደርቁታል፤ የወይራ ጢስ ለጋን የሚሰጠውን ጠረን ያ ጢስ ለብቅሉ ይሰጠዋል። ልዩነትም አለ። የስኮትላንዱ ድስት መዳብ ስለ ሆነ ዲን ዲን የሚለውን መጥፎ ሽታ ይይዛል፤ ሸክላ ይህን ማድረግ አይችልም። ቢሆንም ብቅል፣ ጢስ፣ ድስት፣ ሁለት ጊዜ ማውጣት በሁለቱም ዘንድ አሉ። እንግዲያው አንደኛው በዓለም ዙሪያ ነጥብ የሚሰጠውና በስሙ የሚከበር መጠጥ ሲሆን ሌላው በየጓዳው የቀረበት ምክንያት ምንድን ነው?

መልሱ በምላስ ላይ ብቻ አይገኝም። በ1494 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ የንጉሥ ሒሳብ መዝገብ ጆን ኮር ለተባለ መነኩሴ የሕይወት ውኃ እንዲያወጣበት ብቅል መሰጠቱ ተጽፏል። ውስኪ የሚለው ስም ራሱ በጌሊክ ቋንቋ የሕይወት ውኃ ከሚለው የመጣ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት በደጋው ያሉ ድሆች ገበሬዎች እንደ አረቄ አውጪዋ ሁሉ በየቤታቸው ያወጡ ነበር። በ1823 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ቀረጡን ቀንሶ ፈቃድ አውጥቶ መሥራት የሚያዋጣ እንዲሆን አደረገ፤ በድብቅ የሚሠራው ግን ከዚያ ወዲህ እየተሳደደ ጠፋ። ስሙና ትርፉ የተላለፈው ካፒታል ላላቸው ነበር። በ1887 እ.ኤ.አ. አልፍሬድ ባርናርድ የተባለ ጸሐፊ የብሪታንያን የውስኪ ማውጫዎች እየዞረ አይቶ በአንድ ትልቅ መጽሐፍ መዘገባቸው። በ1979 እ.ኤ.አ. በኤድንብራ የነበሩ ተመራማሪዎች የውስኪን ጠረኖች በመንኰራኵር ሥዕል አደራጅተው ለቀማሾች የጋራ ቃላት አዘጋጁ። በ1989 እ.ኤ.አ. ማይክል ጃክሰን የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ባሳተመው መጽሐፍ ሞልት ውስኪዎችን ከመቶ እያረመ ነጥብ ሰጠ። ዛሬ በዚያ አገር ሕግ ስኮች ተብሎ ሊጠራ የሚችለው ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ በርሜል የቆየና አልኮሉ ከመቶ ከ40 ያላነሰ ብቻ ነው።

በዚህ ሕግ ውስጥ ትልቁን ቁም ነገር የያዘው ሦስት ዓመት የሚለው ነው። በርሜሉ ጣዕሙን ያለሰልሰዋል፣ ቀለሙን ይሰጠዋል። ነገር ግን ጊዜ በነጻ አይገኝም። በርሜል ውስጥ ካለው በየዓመቱ ከመቶ 2 ያህሉ ተንኖ ይጠፋል፤ ስኮቶች ይህን የመላእክት ድርሻ ይሉታል። ለመላእክት ድርሻ መስጠት የሚችል ባለሀብት ብቻ ነው። አረቄ አውጪዋ ብቅሉን በብድር ገዝታ፣ ማገዶውን ከፍላ፣ ያወጣችውን በሳምንቱ ካልሸጠች የቤት ኪራይዋን አትከፍልም፤ ልጇን ለትምህርት ቤት አታለብስም። ሥራዋን ለሦስት ዓመት በርሜል ውስጥ አስቀምጪ ቢሏት የሚጎድላት ትዕግሥት ሳይሆን መቆያ ገንዘብ ነው። ስለዚህ አረቄ ሸካራ ነው፣ ጉሮሮ ያቃጥላል ተብሎ ሲተች ትችቱ ከእጇ ችሎታ ይልቅ ያለችበትን የኑሮ ሁኔታ ይገልጣል። ሁለቱን መጠጦች በአንድ ሚዛን ላይ የሚያስቀምጥ ዳኛ አስቀድሞ ይህን ማወቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው ልዩነት የቃላት መዝገብ ነው። በኤድንብራ የተሠራው መንኰራኵር ለጣዕም ቃል ስለ ፈጠረ ሳይሆን የነበረውን ቃል ስለ ሰበሰበ ጠቀመ። እንዲህ ያለ ስብስብ በአማርኛ ሊሠራ አይችልም የሚል ቢኖር ቋንቋውን አላዳመጠም። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ የሚለው ሕዝብ ስለ መጠጡ የሚናገርበትን መንገድ ጨርሶ ያበጀ ነው። ጠጪ አረቄ ቀምሶ ወይራ ወይራ ይላል፣ ጢስ ጢስ ይላል፣ ማር ማር ይላል፣ ማሰሮ ማሰሮ ይላል ሲል ስሙን ደግሞ በመጥራት ብቻ ከቃሉ ሽታን ያወጣል። ይህ የሰዋስው ሕግ ማንኛውንም የዓለም ነገር ወደ ጣዕም ቃል ሊለውጥ ይችላል።

ደረጃ ለማውጣትም ቋንቋው ቁጥር አያስፈልገውም። መረር ያለ፣ መራራ፣ ምርር ያለ የሚሉት ሦስት ቃላት አንድ ሥር ያላቸው ሦስት ደረጃዎች ናቸው። ከረር ያለና ክርር ያለ፣ ኮምጠጥ ያለና ኩምጥጥ ያለ፣ ቀጠን ያለና ቅጥን ያለ እንዲሁ ናቸው። የአጠጣጡም ግሥ ራሱን የቻለ ፍርድ ነው። ፉት ማለት፣ መጎንጨት፣ ማጣጣም፣ መጨለጥ እያንዳንዳቸው መጠጡ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ይናገራሉ። የሚጣጣምን ማንም አይጨልጠውም። ጠላውም ጉሽ፣ የጠለለ፣ ቅራሪ እየተባለ የየራሱ ስም አለው። ይህ ሁሉ ሲደመር ሙሉ የዳኝነት ሥርዓት ነው። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ በቃል ተነግሮ በቃል ይጠፋል።

የሁለቱን ዳኝነቶች መገናኘት በአንድ ሰፈር ለማየት ወደ ደቡብ አዲስ አበባ፣ ወደ ነፋስ ስልክ ላፍቶ መውረድ ይበቃል። የክፍለ ከተማው ስም ራሱ ሁለት ዓለም ይዟል። ነፋስ ስልክ ያለ ሽቦ በአየር ለሚተላለፍ መልእክት የተሰጠ የቀድሞ ዘመን ስያሜ ነው፤ ላፍቶ በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው። ከላፍቶ ጎን ያለው መካኒሳም በዚያው ቋንቋ የብሳና ስም ነው። ግራርም ብሳናም ንብ የሚቀስማቸው ዛፎች ናቸው። ሽቦ አልባው ስልክና የማሩ ዛፍ በአንድ ስም ተጣምረው ይኖራሉ።

የብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ቅርንጫፍ የሚገኘው በዚሁ በመካኒሳ ነው። የፋብሪካው አልኮል መነሻ የገብስ ብቅል አይደለም፤ ከስኳር ምርት የሚተርፈው ሞላሰስ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይህ ተረፈ ምርት በአገር ውስጥ ይገኛል። ሞላሰሱ ተብላልቶ የወጣው አልኮል ከማንኛውም ሽታ በተቻለ መጠን ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ የእንስላል መሰል ጠረን ያለው ኡዞ ወይም ባሮ ደረቅ ጂን ሆኖ ይቀመማል። በጥር ወር 1967 ዓ.ም. ከ70 በላይ ታላላቅ የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶች ወደ መንግሥት ይዞታ ሲዛወሩ የመጠጥ ኢንዱስትሪውም የሕዝብ ሀብት ነው ተባለ። ባለቤትነቱ ተለወጠ፤ የጣዕም ዳኝነቱ ግን በቤተ ሙከራው እንደ ነበረ ቀጠለ።

የቤተ ሙከራው ዳኛ መስታወት ነው። አልኮል ከውኃ ስለሚቀል፣ መለኪያው መሣሪያ በፈሳሹ ውስጥ ሲንሳፈፍ ምን ያህል እንደ ሰጠመ ታይቶ የአልኮሉ መጠን ይነበባል። ሙቀቱም አብሮ ይታያል። እንግሊዞች በ1816 እ.ኤ.አ. ይህን የመሰለ መሣሪያ ለቀረጥ ሥራ በሕግ ከመደንገጋቸው በፊት መጠጡን ከባሩድ ጋር ቀላቅለው በእሳት ይፈትኑት ነበር፤ ባሩዱ ከነደደ ጠንካራ ነው ይባል ነበር። የአዲስ አበባ አረቄ ጠጪም በጠረጴዛው ላይ ጠብ አድርጎ ክብሪት ሲጭር ያንኑ ፈተና መፈጸሙ ነው። ሰማያዊው ነበልባል ከታየ ዳግም ነው ይላል።

ሁለቱም ዳኞች ግን ጉድለት አለባቸው። መሣሪያው የአልኮሉን መጠን ይናገራል እንጂ ያረረ እንኩሮን ከደኅናው አይለይም፤ የወይራን ጢስ አያውቅም። ምላስና ክብሪት ደግሞ ከሁሉ የሚከፋውን አደጋ አያውቁም። ሜታኖልም እንደ ደኅናው አልኮል ይነድዳል፤ ሲቀመስም ራሱን አይገልጥም። ከእህል በወግ የወጣ አረቄ በተፈጥሮው የሚይዘው ሜታኖል አነስተኛ ነው። አደጋው የሚመጣው ለትርፍ ሲባል ባዕድ አልኮል በተቀላቀለ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ የዐይን ብርሃንና ሕይወት ይጠፋል። ስለዚህ አንዱን ዳኛ ሽሮ ሌላውን መሾም ስሕተት ነው። የመካኒሳው ቤተ ሙከራ ደኅንነትን ይፈርዳል፤ የአውጪዋ ምላስ ሙያን ይፈርዳል። እስከ ዛሬ ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አልተቀመጡም።

ከፋብሪካው አጥር ውጭ የነበረው ሕይወት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በደብረ ዘይት መንገድ ዳር፣ በሳሪስ፣ አደይ አበባ የክር ፋብሪካ ስሙን ለሰፈር ባወረሰበት አካባቢ፣ ከፈረቃ የሚወጣው ሠራተኛ ድካሙን የሚያወጣው በየመንደሩ ባሉ ጠላና አረቄ ቤቶች ነበር። የእነዚህ ቤቶች ባለቤቶች በአብዛኛው ከገጠር የፈለሱ ሴቶች ነበሩ። ከእናታቸው የተማሩት ሙያ በከተማው ያላቸው ብቸኛ ካፒታል ሆነ። ጠጪው የደብረ ብርሃንን አረቄ ከአርሲ ነገሌው በቅምሻ እለያለሁ ብሎ ይከራከራል። አገር በአገር፣ እጅ በእጅ የሚለይ ጣዕም መኖሩን የሚያምን ሕዝብ ስኮቶች ስለ ደሴቶቻቸውና ስለ ሸለቆዎቻቸው የሚሉትን ያህል ያውቃል። ነገር ግን አገሩ ሲጠራ የአውጪዋ ስም አይጠራም።

ውስኪው ራሱ ወደ ከተማዪቱ ሲገባስ እንዴት ተመዘነ? እዚህ ላይ የግብር አዳራሹ ተመልሶ ይመጣል። በሠርግ አዳራሽ ከባለጸጋው ፊት የሚቀመጠው ጠርሙስ የሚመረጠው በጠረኑ አይደለም፤ ወረቀቱ ቀይ ነው ወይስ ጥቁር ተብሎ ነው። እነዚያ የታወቁ ጠርሙሶች ሲንግል ሞልትም አይደሉም። ከ1830 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተስፋፋው ያለማቋረጥ በሚያወጣ ማሽን የተዘጋጀ የእህል አልኮልና የብዙ ማውጫዎች ሞልት የተደባለቀባቸው ናቸው። መደባለቁ ነውር አይደለም፤ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ነውሩ ሳይቀምሱ መፍረድ ነው። በወረቀቱ ቀለም ደረጃ የሚወጣለት፣ እንደ ድሮው አዳራሽ ሁሉ፣ ጠጪው ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል መጠጥን ማወደስ አይደለም። አረቄ ያፈረሰው ትዳር፣ ያዘገየው ሥራ፣ ያሳጠረው ዕድሜ በየሰፈሩ ይታወቃል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬድዮና ከቴሌቪዥን ማገዱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ማስታወቂያና ዳኝነት ተቃራኒ ነገሮች ናቸው። ማስታወቂያ ሳታስብ ጠጣ ይላል፤ ዳኝነት ጥቂት ቅመስና አስብ ይላል። ፉት ብሎ የሚያጣጥም ሰው ከሚጨልጠው ያነሰ ይጠጣል። ሙያውን ከስካር መለየት የሚቻለውም እንዲህ ባለው ዳኝነት ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ፋታ አይሰጥም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ወዲህ በጀሞ፣ በላፍቶና በጎፋ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ተሠርተው ብዙ ሰው ደኅና ጣሪያ አግኝቷል። ጋንና የሸክላ ማሰሮ ግን ለአራተኛ ፎቅ አልተሠሩም። የወይራ ጢስ በደረጃ ቤት ውስጥ ጎረቤት ያጣላል። አውጪዋ ጓዳዋን ስትለቅ ሥራዋን ትተዋለች፤ ልጇም ሌላ ሥራ ትይዛለች። ይህ ለልጅቷ ዕድገት ሊሆን ይችላል፤ ከጢስና ከዕዳ መውጣቷ ደስ ያሰኛል። የሚያሳዝነው ከጢሱ ጋር ዕውቀቱም አብሮ መሄዱ ነው።

የሚያስፈልገው ሥራ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ አያቶቻቸው ልኮ የድፍድፍን፣ የጥንስስን፣ የእንኩሮን፣ የሽታንና የጣዕምን ቃላት ከነደረጃቸው ማስመዝገብ ይችላል። ሠዓሊው ማሰሮውንና ሸምበቆውን ከነአመራረጉ ሊነድፈው ይችላል። የባህል ሠራተኛው በየወረዳው ያሉትን አውጪዎች ከነፈቃዳቸው፣ ከነስማቸውና ከነተወለዱበት አገር ሊጽፍ ይችላል። ኬሚስቱ የእነርሱን ዳግም ወስዶ መርምሮ ውጤቱን በአማርኛ ሊመልስላቸው ይችላል። ስኮትላንድ ይህን ስታደርግ የድሃውን ገበሬ ስም ጥላ የባለሀብቱን ስም ጻፈች። እዚህ መዝገቡ ገና ባዶ ስለ ሆነ በመጀመሪያው መስመር ላይ የአውጪዋን ስም ማስፈር ይቻላል።